የመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ደቂቃዎች

ሱቁ አንድ ነው፤ ሙያው ግን ሁለት። ከበሩ በስተግራ ወንድም ልብስ ይሰፋል፤ በስተቀኝ ታናሽ እህቱ የድሮ የቪዲዮ ካሴት ወደ ዲስክ ትገለብጣለች። መሃላቸው መጋረጃም ግድግዳም የለም። ወለሉ ላይ ግን ሁለቱ ብቻ የሚያዩት ድንበር አለ፤ የክርና የጨርቅ ብናኝ ወደ ቀኝ፣ የካሴት ማጫወቻው የዴኩ ጩኸት ወደ ግራ ማለፍ የለበትም። ሁለቱም ያልፋሉ። በዚህ የተነሳ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጣላሉ፤ ምሳቸውን ግን ከአንድ ሳህን ስለሚበሉ ኩርፊያቸው ከምሳ ሰዓት አልፎ አያውቅም።

የሰፈሩ ሰው እሷን «ባለካሴቷ» ይላታል። ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል። ድሮ ካሴት ታከራይ ነበር። የኪራዩ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ሰው ሁሉ ሠርጉንና ልደቱን በካሴት ይዞ ማጫወቻ ፍለጋ ሲንከራተት አየችና ሥራዋን ለወጠች። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የሁለት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ማሳጠሪያ የለውም። እሷ ግን አይሰለቻትም። የካሴቱን ብሎኖች ፈትታ ጥቁሩን ጥብጣብ ባየች ቁጥር እንደ አዲስ ይገርማታል። ቢዘረጋ ከሱቁ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ይደርሳል። በላዩ ላይ ግን ምንም አይታይም፤ ፊት የለ፣ ሳቅ የለ፣ ቀሚስ የለ፣ ጥቁር ብናኝ ብቻ። ያ ብናኝ በዴኩ ሆድ ውስጥ ሲያልፍ ሰዎች እየሳቁ ይወጣሉ።

አንድ ጠባይ ደግሞ አላት። የተበላሸ ነገር ቢስተካከልላትም አይበቃትም፤ ለምን እንደተበላሸ ካላወቀች ያንገበግባታል። አንድ ሰሞን የሱቁ አምፖል በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ እየደበዘዘ አስቸገረ። ወንድሟ አምፖሉን ቀየረ፤ አዲሱም ደበዘዘ። እሷ ሁለት ሳምንት ሙሉ አሥር ሰዓት ላይ በር እየወጣች ቆመች። በመጨረሻ ጎረቤት ያለው ዳቦ ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃውን የሚያበራው በዚያች ሰዓት እንደሆነ ደረሰችበት። አምፖሉ መደብዘዙን አልተወም። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ሲደበዝዝ «ዳቦው ገባ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ወንድሟን «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው፤ በሰባት ዓመት ይበልጣታል። እጁ ንጹሕ ነው፤ የሰፋው ኮት ውስጡም እንደ ውጭው ያምራል። እህቱ ለደንበኛ የምትሰጠው ዲስክ ግን ያሳፍረው ነበር። በማርከር የተሞነጨረ ስም፣ ያውም ጠማማ። ከሦስት ወር በፊት አንድ ቀን መቀሱን አስቀምጦ፣

«ይሄ የሰው ሠርግ ነው፤ እንዲህ ራቁቱን ከቤት አይወጣም» አላት።

«ዲስክ ምን ይለብሳል?»

«አምጪው።»

ክሬም ቀለም ካለው ደረቅ ወረቀት በዲስኩ ልክ ክብ ቆረጠ፤ የመሃሉን ቀዳዳ በጥንቃቄ አወጣ፤ በኮላ ለጠፈው፤ የደንበኛውን ስም በውብ የእጅ ጽሑፉ ጻፈበት። በዚህም አልበቃው። የእሱ ኮት ሁሉ ከውስጥ ኪሱ በላይ የሱቁ ስም የተጠለፈባት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጨርቅ አለችው። ከእሷ አንዷን ወስዶ ከስሙ በታች ለጠፋት። ባለካሴቷ ዲስኩን አየችው። እውነትም ለብሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱቁ ወግ ይኸው ሆነ፤ እሷ ትገለብጣለች፣ ትፈትናለች፣ በድንበሩ ላይ ታቀብለዋለች፤ እሱ ያለብሳል፤ ደንበኛው ይወስዳል። ደንበኞችም ወደዱት።

በዚህ መሃል ነው አንድ ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ የመጡት።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ከዕድሜያቸው ጋር አብሮ የሰፋ ሰው ናቸው። አንድ ካሴት በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ ግን ቶሎ አልወጣም። ባለካሴቷ ጠበቀች።

«ሠ-ሠ-ሠርግ ነው» አሉ። «የ-የልጄ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ፤ ቀስ በቀስም ነገሩን ነገሯት። ሠላሳ አንድ ዓመት በየሰው ቤት እየገቡ የመብራት ቆጣሪ አንብበዋል። ሥራውን የመረጡት አፍ ስለማይፈልግ ነው፤ ታንኳኳለህ፣ ታያለህ፣ ትጽፋለህ፣ ትወጣለህ። ምላሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ይያዛል። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በልጃቸው ሠርግ ቀን ማይክሮፎን ይዘው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ሳይያዙ ተናግረዋል። ያ ንግግርም ካሴቱ መጨረሻ ላይ አለ።

«የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ከ-ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከ-ከእኔ የወረሰችው ነገር ቢኖር ይ-ይቺን ምላስ ነው።» ፈገግ አሉ። «መምህርነት ልትማር አመልክታ በጽሑፉ ፈተና አ-አንደኛ ወጣች። የቃል ፈተና በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ነው። አልሄድም ብላለች።»

«ለምን?»

«አስተማሪ እየተንተባተበ አ-አያስተምርም አለች። እኔ አንድ ቀን ተናግሬያለሁ ብላት አታምነኝም። ለማጽናናት ነው ትላለች። ስለዚህ ት-ትየው።»

ባለካሴቷ ካሴቱን ከፈተችው። ጥብጣቡ ማርጀቱን ጣቷ ላይ በቀረው ቡናማ ዱቄት አወቀች። እንዲህ ዓይነቱ ካሴት በተጫወተ ቁጥር ከፊልሙ ጥቂት ጥቂት እያራገፈ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ አጫውታ ወደ ኮምፒውተሯ አስገባችው። ከዚያ ወዲያ ካሴቱ ተመልሶ በፎጣው ተጠቀለለ። ከኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ ጻፈችው፤ መጀመሪያውን፣ መሃሉን፣ መጨረሻውን እየዘለለች ፈተነች፤ ደህና ነው። ወንድም ጋሼ አለበሰው። ቆጣሪ አንባቢው ማክሰኞ ወሰዱት።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በር ላይ ቆመው ነበር።

«ቆ-ቆመ» አሉ።

«የት ጋ?»

«እ-እኔ ማይክሮፎኑን ስይዝ።»

ዲስኩን በራሷ ማጫወቻ ውስጥ ከተተችው። ሠርጉ ጀመረ፤ ሙሽሪት ወጣች፣ እንግዳ በላ፣ ተጨፈረ። አንድ ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ ላይ ቀጭኑ አባት ተነሱ፤ ማይክሮፎኑን ተቀበሉ፤ «ውድ እን-» አሉ፤ ምስሉ እንደተሰበረ መስታወት በአራት ማዕዘን ተከፋፈለ። «እን- እን- እን- እን-» እያለ ቀረ።

 ወንድም ጋሼ የስፌት መኪናውን አቆመ። ሽማግሌው ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት።

«ምላሴ ዲ-ዲስኩ ላይ ተጋባበት።»

እሳቸው ሳቁ፤ እነሱም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጅቷ አ-አጠገቤ ነበረች። ተነስታ ሄደች» አሉ።

ባለካሴቷን ያስገረማት አንድ ነገር ነበር። ሁለት ሰዓት ከሚሆነው ፊልም ውስጥ መሣሪያው መርጦ የያዘው፣ እኚህ ሰው ተናገርኩባቸው ያሏቸውን አሥራ አንድ ደቂቃዎች ነው። የሠርጉን ጭፈራ ቢይዝ ማን ይከሰው ነበር? ሆን ብሎ ያደረገው ይመስላል። ዲስክ ሆን ብሎ የሚያደርገው ነገር እንደሌለ ግን ታውቃለች። ምክንያት አለው።

ተጠርጣሪዎቿን አንድ በአንድ ጠራች። ካሴቱ ነው? አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፊልም እስከ መጨረሻው እንደ ውሃ ይፈሳል። ባዶው ዲስክ ነው? ከሌላ ካርቶን፣ ከሌላ ፋብሪካ አወጣች። ዲስክ መጻፊያው ቸኩሎ ይሆን? ፍጥነቱን ከአሥራ ስድስት እጥፍ ወደ አራት አወረደችው። ሌንሱን በአልኮል በነከረችው ጥጥ ጠረገች። ሙቀት ይሆናል ብላ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍታ ማራገቢያ አዞረችበት። በመጨረሻ ዓይኗ ድንበሩን ተሻግሮ ካውያው ላይ አረፈ።

«ወንድም ጋሼ፣ ካውያህን ንቀል።»

«ካውያዬ ምን አደረገሽ?»

«ሲግል መብራቱን ይስባል፤ እሱን ሲስብ መጻፊያዬ ይደነግጣል።»

«ይሄ ኮት ዛሬ ማለቅ አለበት። ሙሽራው በተጨማደደ ኮት ይግባልሽ?»

«ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

«አምፖሉን ስትጠረጥሪ ዳቦ ቤቱን ያዝሽ፤ አሁን ደግሞ እኔን» እያለ ነቀለው። ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ እጁን አጣምሮ፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል ቆመ።

ሁለተኛው ዲስክ ወጣ። በዚህ ጊዜ እየዘለለች አልፈተነችም። ወንበር ስባ ሁለቱን ሰዓት እንዳለ ተመለከተችው። አባትየው ተነሱ፤ ማይክሮፎኑን ያዙ።

«ውድ እንግዶች» አሉ። «እኔ ሰው ቤት ገብቼ፣ ቁጥር ጽፌ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ሰው እኔ ቤት ገብቷል።»

ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነው። በየመሃሉ መነጽራቸውን እያወለቁ በመሐረብ ይጠርጋሉ፤ እንግዳው አንገቱን ይደፋል፤ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ታብሳለች። ባለካሴቷም የራሷን ዓይን አበሰች። ዲስኩ አንድም ጊዜ አልቆመም። በድንበሩ ላይ አቀበለችው፤ ወንድም ጋሼ ከወትሮው አሳምሮ አለበሰው፤ ሽማግሌው ሐሙስ ወሰዱት።

ዓርብ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ አልቀለዱም።

«እዚያው ላይ» አሉ። «ለ-ለምኜ ነው ያስቀመጥኳት። ‹አባባ፣ ተወው በቃ› ብላ ክፍሏ ገባች።»

ባለካሴቷ ዲስኩን ተቀበለችና አገላበጠችው። ትናንት በገዛ ዓይኗ ሁለት ሰዓት ያየችው ዲስክ ነው። ከዚህ ጤነኛ ሆኖ ወጥቶ ታሞ ይመለሳል። መንገድ ላይ ምን ያገኘዋል?

«በምን ያዙት ጋሼ? ፀሐይ መትቶታል?»

«በደረት ኪሴ።»

«ወድቋል?»

«ል-ልጄ፣ እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት።»

«እንግዲያው ማጫወቻዎ ነው። ነገ እኔው ቤትዎ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከዚያው ካርቶን ሦስተኛ ዲስክ ጻፈች። ወንድም ጋሼ የሙሽራውን ኮት ሊያስለካ ወጥቷል፤ እስኪመለስ ብትጠብቅ ረፋዱ ሊያልፍ ነው። አዲሱን ዲስክ እንዳለ በላስቲክ ከተተችው፤ ለማነጻጸር ያንን ዓርብ የተመለሰውን፣ የለበሰውንም ያዘች፤ ሄደች።

ሽማግሌው የሚኖሩት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሳሎኑ ጠባብና የተወለወለ ነው፤ ግድግዳው ላይ የልጃቸው የሠርግ ፎቶ፣ ከሥሩ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ማጫወቻው። የጓዳው በር ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ የአልጋ ጫፍና መጽሐፍ የያዘ እጅ ይታያል። ባለካሴቷ ወደዚያ «ደህና አደርሽ» አለች። እጁ መጽሐፉን ሳይለቅ ብድግ ብሎ ሰላም አላት።

ማጫወቻውን መረመረችው። ሳይዘም ተቀምጧል፤ አየር ያገኛል፤ ሌንሱ ንጹሕ ነው። የዓርቡን ዲስክ አስገባችና ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ለጠፈች።

«ት-ትሰሚዋለሽ?» አሉ ሽማግሌው ተገርመው።

«ሐኪም ደረት ያዳምጥ የለ?»

መጀመሪያ ላይ ዝም ያለ ነበር። ፊልሙን ወደ መጨረሻው ስትወስደው ግን ከውስጡ እንደ ተርብ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ፤ ወደ ንግግሩ በተጠጋች መጠን በረታ። «ውድ እን- እን- እን-።» ከጓዳው መጽሐፍ ሲዘጋ ተሰማ። በሩም ቀስ ብሎ ገጠመ።

ሽማግሌው በሩን አዩት። ለሰኞ የቀረው አንድ ቀን ነው።

ባለካሴቷ ዲስኩን አወጣች፤ አዲሱን አስገባች፤ ጆሮዋን መለሰች። ተርቡ የለም። ወደ መጨረሻው ወሰደችው፤ አሁንም የለም። አንድ ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ።

«ውድ እንግዶች። እኔ ሰው ቤት ገብቼ፣ ቁጥር ጽፌ የምወጣ ሰው ነኝ።»

አልቆመም። ቀጠለ። ባለካሴቷ ቀና ብላ በአንድ እጇ የዓርቡን ዲስክ፣ በሌላው ባዶውን ላስቲክ ይዛ ቀረች። ፊልሙ አንድ ነው፣ ካርቶኑ አንድ ነው፣ መጻፊያው አንድ ነው፣ ማጫወቻው አንድ ነው። የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ይህኛው ለብሷል።

ይህን እያሰበች ሳለ የጓዳው በር ተከፈተ።

ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ቁመቷም የአያቷ ነው። ጠረጴዛው ጫፍ ጋ ቆመች፤ አልተቀመጠችም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ከሃያ ዓመት ያህል በፊት የነበሩት አያቷ ይናገራሉ። ሽማግሌው የሚያዩት ፊልሙን ሳይሆን ልጅቷን ነው። አባትየው በፊልሙ ውስጥ መነጽራቸውን አወለቁ፤ እንግዳው አንገቱን ደፋ።

«መ-መልሱት እስቲ» አለች ልጅቷ።

ባለካሴቷ መለሰችው።

«እዚህ ጋ አ-አቁሙት።»

ምስሉ ቆመ። ልጅቷ ቀረብ ብላ በጣቷ አሳየች።

«አባባ፣ እዚህ ጋ እያለቀስክ ነው?»

«አ-አስለቅሶኝ ይሆናል። ሠርግ ነው።»

«አይደለም። ከ-ከንፈርህን እየው። ተይዘሃል።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነስተው የቴሌቪዥኑ መስታወት ሥር ተንበረከኩ። የቀድሞ ከንፈራቸውን ከአንድ ስንዝር ላይ አዩት። ገጥሟል፤ ጫፉ ነጥቷል፤ አገጩ ወጥሯል። መነጽሩን የሚጠርገው እጅ ሥራ የያዘ ለመምሰል ይሯሯጣል።

ባለካሴቷ ይህን ሁሉ ደክማ፣ ፍጥነት ቀንሳ፣ ካውያ አስነቅላ ያመጣችው ማስረጃ በባለቤቱ ላይ መሰከረ። ሃያ ዓመት ያህል የያዟት አንዲት ቀን ናት። ዲስኩ እዚያው ላይ ተሰብሮ ቢቀር ይሻል ነበር ብላ አሰበች።

«ተ-ተይዣለሁ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «አላስታውስም። እ-እውነቴን ነው የምልሽ፤ ሳልያዝ የተናገርኩ ነበር የመሰለኝ።»

ልጅቷ ፊልሙን ራሷ አስኬደችው። አባትየው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቃሉ ወጣ፤ ንግግሩ ቀጠለ። መነጽሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወልቅ «አንድ ሁለት ሦስት» እያለች በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሦስተኛው ዝምታ አጭር ነበር። አራተኛው ዘጠኝ ድረስ ሄደ። ዘጠኝ ሰከንድ፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው፤ ሹካ አይንቀሳቀስ፣ ሕፃን አያለቅስ። ባለካሴቷ ይህን ፊልም እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ሰዉን አላየችውም ነበር። አሁን ግን ያየችው ሰዉን ነው፤ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው፣ ምን እንደሚጠብቅ እንኳ ሳያውቅ ይጠብቃል።

«አ-አራት ጊዜ» አለች ልጅቷ።

«አራት» አሉ አያቷ እንደ ጥፋተኛ።

«ማንም አላወቀም እኮ። አንተ ራስህ አ-አላወቅክም።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው አድርጉልኝ። ከሠርጉ አይደለም፤ ከ-ከንግግሩ።»

ባለካሴቷ ከንግግሩ መጀመሪያ አደረገችላትና የዓርቡን ዲስክ ይዛ ወጣች። ልጅቷ ሰኞ ትሂድ አትሂድ አልተናገረችም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ሱቅ ስትመለስ ወንድም ጋሼን የሙሽራውን ኮት ሰቅሎ ክር እያስገባ አገኘችው። ምንም ሳትል ከመርፌ ሳጥኑ ረጅሙን መርፌ አነሳች፤ አግድም ይዛ የለበሰውን ዲስክ በቀዳዳው ሰቀለችበት፤ ገፋ አደረገችው። ዞረ፤ ዞረ፤ ቀዘቀዘ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ተንገዳግዶ ቆመ። የጨርቋ ምልክት ወደ ታች። እንደገና ገፋችው። እንደገና ጨርቋ ወደ ታች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አንተ ሞክረው።»

ሞከረ። ጨርቋ ወደ ታች። ሌላ ያልለበሰ ዲስክ ሰቀለችለት፤ ያ ግን በፈለገው ቦታ ቆመ፤ ደግሞ ሲሞክረው ሌላ ቦታ ቆመ። የወንድም ጋሼ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ።

«በአንድ በኩል ይከብደዋል» አለ።

«ማጫወቻ ውስጥ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ነው የሚዞረው። መሃሉ ብዙም አይናወጥ፤ ጠርዙ ነው የሚንቀጠቀጠው። ዲስክ ደግሞ ከመሃል ጀምሮ ወደ ጠርዝ ነው የሚጻፈው፤ የፊልሙ መጨረሻ ጠርዙ ላይ ነው። የእሳቸው ካሴት ሁለት ሰዓት ስለሞላ ንግግሩ ጫፍ ላይ ወደቀ። አጭር ፊልም ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር።»

«ታዲያ ፈትነሽው አልነበረም?»

«ሳይለብስ። ሁሉንም የምፈትነው ሳይለብስ ነው።»

ወንድም ጋሼ መቀመጫው ላይ ቁጭ አለ። ኮላውን፣ ክሬም ወረቀቱን፣ በሳጥን የደረደራቸውን ትናንሽ ጨርቆች አየ። እህቱ ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር።

«ኮትም እንዲሁ ነው» አለ። «በአንዱ ትከሻ ሙሌት ብታበዢ፣ ቆሞ ሲያዩት ያምራል፤ ሰውየው መሄድ ሲጀምር ያጋድላል። እኔ ቆሞ ነው ያየሁት።» የጨርቆቹን ሳጥን ዘጋና፣ «ስንት አልብሰናል?» አለ።

«አርባ አንድ።»

«ማንም አልመጣም እኮ።»

«እሱ ነው እኔንም የገረመኝ።»

ስልክ ያላቸውን ደንበኞች እየደወለች ጠየቀች። አንዷ ሙሽራ ሳቀችባት። «መጨረሻውን? እኛ ኬክ ከቆረጥን በኋላ ያለውን አይተነው አናውቅም» አለች። ሌላው አባወራ ፊልሙ ሲቆም ማለቁ መስሎት አጥፍቶ እንደተኛ ነገራት። ወንድም ጋሼ ከድንበሩ ማዶ ሆኖ፣ «ሠርግ እስከ መጨረሻው የሚያይ የለም ማለት ነው» አለ፤ ያም ትንሽ አጽናናው። የተለጠፈውን ልላጥ ብሎ አንዱን ሲሞክር የዲስኩ ብር ቀለም ከወረቀቱ ጋር ተነስቶ መጣ፤ ስለዚህ ለሁሉም አዲስ ሊጽፉላቸው ተስማሙ። ከእንግዲህ ዲስኩን ሳይሆን መያዣውን እንደሚያለብስ ተናገረና ከኮት የተረፈ ገበር ማገላበጥ ጀመረ።

ሰኞ ባለካሴቷ ሥራ አልያዝላት አለ። ካሴት ዴክ ውስጥ ከታ የሚጫወተውን ሳታይ ታልፋለች። ወንድሟ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ሄዳ ይሆን?» አለ በመጨረሻ፤ እሱም ለካ እያሰበ ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

አምፖሉ ደብዝዞ ከተመለሰ በኋላ ቆጣሪ አንባቢው በሩ ላይ ታዩ። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ሁለቱም ሥራቸውን አቆሙ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ ተያዘ። ወንድም ጋሼ ቃሉን ሊጨርስላቸው አፉን ሲከፍት ባለካሴቷ በዓይኗ መለሰችው። ጠበቁ።

«ሄ-ሄ-ሄደች» አሉ።

«ተናገረች?»

«ተናግራለች። ስ-ስድስት ጊዜ ተይዣለሁ አለች፤ ቆጥራዋለች። አንደኛው ፈታኝ እስኪያልፍላት መስኮት መስኮቱን ሲያይ ነበር አለች።»

«አለፈች ታዲያ?» አለ ወንድም ጋሼ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት።

«ከ-ከመጣች ጀምሮ እያወራችልኝ ነው፤ ከደጃፉ ጀምራ፣ ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን ምን እንደጠየቃት። ገና እዚያ ጋ አ-አልደረሰችም። ዳቦ ልግዛ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ልመለስ።»

«አይጠይቋትም?»

«እስክትጨርስ እ-እጠብቃለሁ» አሉ፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ዳቦ ቤቱ ዞሩ።